ለምዶ መያዝና መርጦ መያዝ

ሰው በመሣሪያ ይሠራል፤ መሣሪያውም በተራው የሰውን አሠራርና አስተሳሰብ ይቀርጻል። አርሶ አደሩ ሞፈሩንና ቀንበሩን፣ ድግሩንና እርፉን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ሞፈሩ ቢሰበር ከየትኛው ዛፍ ሌላ እንደሚቆረጥ፣ ማረሻው ቢዶለዱም ወደ ማን እንደሚወሰድ አይጠፋውም። በአንፃሩ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚጽፈው ደራሲ፣ የሚያስተምረው መምህርና ሥዕል የሚያዘጋጀው ሠዓሊ ከመሣሪያቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። ሲታዘዝላቸው ይሠሩበታል፤ ሲያምፅባቸው ግን ቆመው ከመመልከት በቀር ሌላ መንገድ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው።

በኮምፒዩተሩ አካልና በተጠቃሚው መካከል ቆሞ ሥራውን ሁሉ የሚያስተባብረው ክፍል ሥርዓተ ክወና ይባላል። ለፕሮግራሞች ቦታና ጊዜ የሚያከፋፍል፣ ፋይሎችን የሚያስቀምጥ፣ በፊደል ገበታው የተጻፈውን ተቀብሎ ወደ ስክሪኑ የሚያደርስ፣ ከሁሉም በላይ ማን ምን ማየትና መለወጥ እንደሚችል የሚወስን እሱ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ክፍል አልመረጠውም። ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጭኖ አገኘው፤ ለመደው፤ ከለመደውም በኋላ ሌላ ሊኖር እንደሚችል ማሰቡን ተወ። ይሁን እንጂ ሌሎች አሉ። ከዩኒክስ የወረዱ ወይም በዩኒክስ አምሳል የተሠሩ፣ ማንም ሰው ወስዶ ሊጭናቸው፣ ውስጣቸውን ሊያነብና ሊለውጣቸው የሚችል ብዙ ሥርዓቶች ይገኛሉ። ሊኑክስ ከነልዩ ልዩ ስብስቦቹ፣ ፍሪቢኤስዲ፣ ኔትቢኤስዲ፣ ኦፕንቢኤስዲና ሚኒክስ ከእነዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው።

ከዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። የሚሠራለትን መሣሪያ ትቶ ሌላውን የሚሞክር ሰው ነፃነቱን የሚጠቀም ነው ወይስ ጊዜውን የሚያባክን? የአማራጭ መብዛትስ ለኅብረተሰብ ሀብት ነው ወይስ የጉልበት ብክነት? ጥያቄው የቴክኒክ ሰዎች ብቻ የሚመስለው በችኮላ ላየው ነው። በጥሞና ሲመረመር ግን በጋራ የሚሠራ ነገር የማን እንደሆነ፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ምን መብት እንዳለው፣ ሰው ለሚጠቀምበት ነገር ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚሸከም የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል።

የዕውቀት መከፈትና መዘጋት

ዩኒክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪዎች ውስጥ ነው። ላቦራቶሪው መልቲክስ ከተባለው ታላቅና ውስብስብ ሥራ ራሱን ባገለለበት ዓመት፣ ኬን ቶምፕሰን ብዙም ሥራ ባልነበረው አንድ ፒዲፒ ሰባት ኮምፒዩተር ላይ አነስተኛ ሥርዓት መሥራት ጀመሩ፤ ዴኒስ ሪቺም የሥራው ዋና ተካፋይ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥርዓቱ ሪቺ በፈጠሩት ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና ተጻፈ። በዚህም ምክንያት ከአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ጋር ታስሮ ከመቅረት ዳነ። ከዚህ በተጨማሪ በዳግላስ ማክልሮይ አሳሳቢነት እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ሥራን ብቻ በሚገባ እንዲሠራና ውጤቱን ለሚቀጥለው እንዲያስተላልፍ የሚያደርግ ዘዴ ተጨመረበት። ትንንሽ ክፍሎች ተያይዘው ትልቅ ሥራ መሥራት የሚችሉበት ይህ አካሄድ እስከ ዛሬ የቤተሰቡ ሁሉ መለያ ነው።

የላቦራቶሪው ባለቤት የነበረው የስልክ ኩባንያ፣ ኤቲኤንድቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ከመንግሥት ጋር በደረሰበት የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክና ከመሰል አገልግሎት ውጭ እንዳይነግድ ታግዶ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው ስላልቻለ ለዩኒቨርስቲዎች በአነስተኛ ክፍያ ከነምንጭ ጽሑፉ ሰጠ። ምንጭ ጽሑፍ ማለት ፕሮግራሙ በሰው ሊነበብ በሚችል መልክ የተጻፈበት ዋናው ቅጂ ነው። ይህ ያልታሰበ ስጦታ ያስከተለው ውጤት ታላቅ ነበር። ተማሪዎች አንድ ሙሉ ሥርዓት ከፍተው ማንበብ ቻሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ የበርክሌይ ተማሪዎችና መምህራን አሻሽለውት የራሳቸውን ቅጂ ማሠራጨት ጀመሩ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርስቲ መምህር ጆን ላየንስም የስድስተኛውን እትም ምንጭ ጽሑፍ ከነማብራሪያው አዘጋጅተው ለተማሪዎቻቸው አቀረቡ።

በሩ የተከፈተው ግን ለጥቂት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛ እትም ፈቃድ ምንጭ ጽሑፉን በክፍል ውስጥ ማስተማርን ከለከለ። የላየንስ ማብራሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በፎቶ ኮፒ ሲባዛ ዓመታት አስቆጥሮ በይፋ ለመታተም የበቃው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ እንደተከለከለ ጽሑፍ በድብቅ መዞሩ ብዙ ያስተምራል። ዕውቀትን መግለጥም መደበቅም የሚችል ወገን ባለበት፣ ተጠቃሚው በእጁ ያለው መብት ሳይሆን ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ሰጪው ባሻው ቀን የሚነሣ ነው።

ለዚህ መዘጋት የተሰጠው መልስ በአንድ መልክ ብቻ አልመጣም። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ሲያውጁ የሚሠራውን ሥርዓት ሁሉም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያነበው፣ እንዲለውጠውና እንዲያካፍለው አሰቡ። ከዚህ ሐሳብ የወጣው ፈቃድ የተለወጠውን ሥራ የሚያሠራጭ ሁሉ ለተቀባዩ ያንኑ መብት እንዲሰጥ ያስገድዳል። በአምስተርዳም የሚያስተምሩት አንድሩ ታነንባም በበኩላቸው የተከለከለውን የዩኒክስ ጽሑፍ የሚተካ፣ ተማሪ ሊያነበው የሚችል አነስተኛ ሥርዓት ራሳቸው ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1987 ከመጽሐፋቸው ጋር አወጡ፤ ስሙንም ሚኒክስ አሉት። በሄልሲንኪ ዩኒቨርስቲ የሚማረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን የጀመረው በዚሁ በሚኒክስ ላይ እየሠራ ነው። ስለሆነም ሊኑክስ በሌላ ሥርዓት ላይ ከተደረገ ሙከራ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

መምህሩና ተማሪው

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1992 በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል በአደባባይ ክርክር ተነሣ። ታነንባም ሊኑክስ ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው ሲሉ ጻፉ። ምክንያታቸውም እምብርቱ፣ ማለትም የሥርዓቱ ማዕከላዊ ክፍል፣ ሁሉንም ተግባር በአንድ ላይ አጭቆ የያዘ ነው፤ የወደፊቱ አሠራር ግን እምብርቱን አሳንሶ ሌላውን ሥራ ለተለያዩ ክፍሎች ማከፋፈል ነው የሚል ነበር። ተማሪው በንድፈ ሐሳብ በኩል የመምህሩን መንገድ ብልጫ አልካደም፤ ነገር ግን ዛሬ የሚሠራ ነገር ነገ ሊሠራ ከታሰበው ይሻላል በማለት በቁጣ መለሰ። ቁጣው መብዛቱን አምኖም ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያየ ሰው ተማሪው ረታ ሊል ይችላል። የሊኑክስ እምብርት በአንድሮይድ የእጅ ስልኮች ውስጥ ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ጀምሮም በዓለም እጅግ ፈጣን ተብለው በሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ የሚሠራው እሱ ነው። እምብርትን በማሳነስ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው የግኑ የራሱ ሥራ፣ ኸርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ቢሠራበትም ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት አልበቃም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 ያልተጠበቀ ነገር ተገለጠ። ኢንቴል በአዳዲስ ኮምፒዩተሮቹ ውስጥ በሚያኖረው፣ ባለቤቱ ሳያየው በሚሠራ የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሚኒክስ እንዳለ ታወቀ። ጊዜው ያለፈበት የተባለውም፣ ተረታ የተባለውም ሁለቱም በየፊናቸው ቦታ አገኙ። ከክርክሩ ይልቅ ፈራጅ የሆነው ሥራው ነው።

የዚህ ታሪክ ሥነ ምግባራዊ ቁም ነገር ግን ከማን አሸነፈ በላይ ነው። ታነንባም ነገሩን በሰሙ ጊዜ ለኢንቴል በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ ፈቃዱ ባያስገድድም ቢነገራቸው ደግ እንደነበር ገለጹ። የሚኒክስ ፈቃድ ወስዶ ለመለወጥም ለመዝጋትም ነፃነት ይሰጣል። ይህም ማለት ለሠሪው የተሰጠው ነፃነት ተጠቃሚው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ሊቀር ይችላል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ሚኒክስን በጠረጴዛው፣ ሊኑክስን በኪሱ ይዞ ይዞራል። ነፃ የሆነ ነገር መያዙ ግን እሱን ነፃ አላደረገውም፤ ምክንያቱም አልመረጠም፣ አያውቅም፣ ሊከፍተውም አይችልም። ስለዚህ የምርጫ ዋጋ በዕቃው ባሕርይ ብቻ አይለካም። መራጩ ማወቁና መምረጥ መቻሉ ከዕቃው እኩል ይቆጠራል።

መለየት ጥፋት ነውን?

በብዙዎች አእምሮ የሚመላለሰው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የሊኑክስ ስብስቦች ብቻ በመቶ ይቆጠራሉ። የበርክሌይ ወራሾችም እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረቱት በፍሪቢኤስዲና በኔትቢኤስዲ ሳይወሰኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ቲዮ ደ ራድ ከኔትቢኤስዲ ባልደረቦቻቸው ጋር በመጣላት ኦፕንቢኤስዲን መሥርተዋል። አንዱ የሠራውን ሌላው እንደገና ይሠራል፤ ጀማሪው ከብዛቱ የተነሣ ግራ ይጋባል፤ አንድ ላይ ቢሆን ተራራ ሊንድ የሚችለው ጉልበት በየጎጆው ተበታትኖ ይቀራል። ይህን ክስ በቀላሉ አልፎ መሄድ አይገባም። በግል ኩራት ብቻ የተጀመሩ፣ ከስምና ከሥዕል ለውጥ በቀር አዲስ ነገር ያላመጡ፣ ጥቂት ዓመት ሳይሞላቸው ተጠቃሚዎቻቸውን ሜዳ ላይ ጥለው የጠፉ ሥራዎች ብዙ ናቸው።

ሆኖም ከላይ የተጠቀሰው የ1995 መለያየት ያፈራው ምን እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ኦፕንቢኤስዲ ከሁሉ አስቀድሞ ለደኅንነት የሚያስብ ሥርዓት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1999ም ቀድሞ ነፃ ከነበረ አንድ ሥራ ተነሥቶ ኦፕንኤስኤስኤች የተባለውን ፕሮግራም አወጣ። በሩቅ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ምሥጢራዊ መንገድ መገናኘት የሚያስችለው ይህ ፕሮግራም ዛሬ በሊኑክስ፣ በፍሪቢኤስዲ፣ በአፕልና በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይገኛል። ደ ራድ በጠብ የተለዩት ኔትቢኤስዲም ይጠቀምበታል። ተለይቶ የሄደው ወገን የደከመበትን ፍሬ ለቀሩት መልሶ ሰጠ፤ ይህም ሊሆን የቻለው ሥራው ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት በሚሆንበት ጊዜ የሚደርሰውን አደጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2014 የተገለጠው እንከን ያሳያል። በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምሥጢር ለመጠበቅ እጅግ ብዙ ድርጅቶች የሚተማመኑበት ኦፕንኤስኤስኤል የተባለ ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃሎችንና ቁልፎችን ሊያሾልክ የሚችል ስሕተት ሁለት ዓመት ያህል ተሸክሞ ኖሯል። ዓለም የተደገፈበትን ይህን ምሰሶ የሚንከባከቡት እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ተጠቀመበት፤ ሌላው ያየዋል በማለትም የመረመረው ጠፋ።

ገበሬ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ዘሩ አንድ ብቻ የሆነ ማሳ አንድ በሽታ ይበቃዋል። በካሊፎርኒያ ገብስን እያቢጫ የሚያቀጭጨው ቫይረስ አዝመራውን ባሰጋ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬዎች ልዩ ልዩ ዘር ይዘው የቆዩት ለካሊፎርኒያ አስበው አይደለም፤ ደጋውና ወይናደጋው፣ ጠላውና በሶው የየራሱን ስለሚፈልግ ነው። የብዙ ዓይነት መኖር ጥቅሙ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ማንም ባልጠበቀው ቀን ነው።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። መለየት በራሱ ጥፋትም ጽድቅም አይደለም። የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፦ የተለየው ወገን በእርግጥ የተለየ ዓላማ አለውን? ያፈራውን ለቀሩት ያካፍላልን? የተከተሉትን ሰዎች ኃላፊነት ይሸከማልን? ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2014 የኮምፒዩተሩን አገልግሎቶች የሚያስነሣውን ክፍል ሲስተምዲ በተባለው ለመተካት ሲወስን፣ ውሳኔውን ያልተቀበሉት ዴቩዋን የተባለውን መሠረቱ። ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ ለዓመታት በጋራ የተሠራውንም ሁሉ ይዘው ሄዱ፤ ከቀሩት ግን አንድም ነገር አልጎደለባቸውም። በሌላው የሕይወት መስክ አናሳው ወገን ወይ ዝም ብሎ ይኖራል፣ ወይ ባዶ እጁን ይወጣል። ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛ መንገድ መኖሩ ለአስተዋይ ሰው ትልቅ ትምህርት ነው።

የሞካሪ ግዴታ

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው ተረት ብዙ ሰዎችን ከሙከራ አግዷል። ተረቱ እውነትነት የሚኖረው አስቀድሞ ማወቅ በማይቻልበት ስፍራ ነው። እዚህ ግን መልአኩን በርካሽ ማወቅ ይቻላል። ከአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መጫን፣ ወይም የቆየውን ሥርዓት ሳይነኩ በውስጡ አስመሳይ ኮምፒዩተር ፈጥሮ መፈተን ይቻላልና። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያውቁት ሰይጣን በእርግጥ ይታወቃልን? ውስጡ የተዘጋ ሥርዓት ተጠቃሚ የሚያውቀው ፊቱን ብቻ ነው፤ ልማድን ከዕውቀት ያምታታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ሙከራ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በየሳምንቱ ሥርዓት የሚለዋውጥ ሰው መሣሪያ ሲስል ውሎ ሲስል ያመሸ፣ አንድ እንጨት እንኳ ያልፈለጠ አናጢን ይመስላል። ጥያቄ ሳይዝ የሚሞክር መልስ አያገኝም። ይህ አሮጌ ኮምፒዩተር በዚህኛው ሥርዓት ዕድሜው ይረዝማልን? ሥራው ለሌላ ሰው ዓይን ሳይጋለጥ ይቀመጣልን? ከ10 ዓመት በኋላ የዛሬው ጽሑፍ ይከፈታልን? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚነሣ ሰው ጊዜውን አላባከነም፤ መልሱ አሉታ ሆኖ ወደ ቀድሞው ቢመለስ እንኳ የሚመለሰው ዐውቆ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ለሌላው ሰው መምረጥ ነው። የራሱን ኮምፒዩተር የሚያፈርስ የሚያፈርሰው የራሱን ነው። በትምህርት ቤት 30 ኮምፒዩተሮች የተሰጡት መምህር ወይም የአንድን ማኅበር መዝገብ የሚጠብቅ ሠራተኛ ግን የሚሞክረው በሌሎች ድካም ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አስቀድሞ ሥራውን ሁሉ ገልብጦ ሌላ ስፍራ ማስቀመጥ፣ በአንዱ ፈትኖ ወደ ሌሎቹ መሄድ፣ እሱ ባይኖር የሚተካው ሰው እንዲያውቀው ያደረገውን ጽፎ ማኖር ይገባዋል። የራስን ነፃነት ለመቅመስ የሌላውን እንጀራ አደጋ ላይ መጣል ነፃነት ሊባል ከቶ አይችልም።

በመጨረሻም ሞካሪ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። ያገኘውን እንከን ለሠሪዎቹ ማስታወቅ፣ የተቸገረበትን ለሚቀጥለው ሰው ማስረዳት፣ ከቻለም ማረም ወይም መተርጎም ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል። ሰንጠረዥ ግን ብቻውን አይጽፍም፤ የፊደል ቅርጽ፣ የአጻጻፍ ዘዴ፣ የቀንና የቁጥር አቀማመጥ ያስፈልገዋል። የዴቢያን መጫኛ ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ የሆነው ገበያ አዋጥቶ ሳይሆን፣ በሩ ክፍት ስለነበረና በፈቃዳቸው የደከሙ ሰዎች ስለተገኙ ነው። ገበያ ትርፍ አያስገኝም ብሎ የተወው ቋንቋ በተዘጋ ሥርዓት ውስጥ ከመለመን በቀር ሌላ አቅም የለውም። በተከፈተው ውስጥ ግን ተናጋሪዎቹ ማንንም ሳይለምኑ መሥራት ይችላሉ፤ ካልሠሩም በሌላ ሊያመካኙ አይችሉም። የነፃነት ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ከሥርዓቶቹ የትኛው ይበልጣል የሚለው ጥያቄ ከሥራ ወደ ሥራ መልሱ ይለያያል። የማይለዋወጠው ይህ ነው፦ ሌላውን አይቶ መዝኖ በቀድሞው የጸና ሰውና ሌላ መኖሩን ፈርቶ ወይም ሳያውቅ በዚያው የቀረ ሰው በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚሠሩትም በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው መሣሪያው የተበላሸ፣ ዋጋው የናረ ወይም በሩ የተዘጋ ዕለት ነው። በዚያን ዕለት አንደኛው የሚሄድበትን ያውቃል፤ ሁለተኛው ግን ያዘዙትን ይቀበላል።